ቁጭ ብለን ለመነጋገር፣ ባሕር ድረስ

በዚያን ዘመን እኔና ባለቤቴ የምንገናኘው በር ላይ ነበር። እሱ ዳላስ አጠገብ ሌዊስቪል ካለው መጋዘን የሌሊት ሥራውን ጨርሶ ሲገባ፣ እኔ ግሬፕቫይን ወዳለው ሆቴል የሰው አልጋ ላነጥፍ እወጣለሁ። ልጃችንን ይቀበለኝና «በልታለች?» ይለኛል። «በልታለች» እለዋለሁ። የዕለቱ ወሬያችን ይኸው ነው። እሱ ካርቱን ይከፍትላትና ሶፋው ላይ ይጋደማል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ ዓይኑ ይጠብቃታል። ማታ ስመለስ ደግሞ የጫማውን ክር እያሰረ አገኘዋለሁ። እሑድም ቢሆን አንዳችን ኦቨርታይም አናጣም።

ስለዚህ ቁም ነገር የተባለ ሁሉ «ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን» እየተባለ ይቆያል። የማይቀመጡ ሰዎች ቁጭ ብለን ሲሉ ምን ይባላል! የቤት ኪራዩ ውል እንደዚያ እየተባለ ሳንነጋገር ታደሰ። ሁለተኛ ልጅ የመውለዱም ነገር እንደዚያው እየተባለ ከረመ።

በዚያ ጁላይ ግን የማይቆይ ነገር መጣ። ባለቤቴ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ነበር። አንድ ጓደኛው «እየተፈራረቅን ካሊፎርኒያ ድረስ እንንዳ፣ እስከ ሰኞ መልስ ስጠኝ» አለው። ትራክ መንዳት ማለት ሳምንታት መንገድ ላይ፣ አንድ ሁለት ቀን ቤት ማለት ነው። እኔ አልፈለግሁም። በር ላይ የማገኘውን ባል ከእንግዲህ በስልክ ላገኘው ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን ይተርፈናል ብዬ ፈራሁ። መጋዘኑ ወገቡን እንደጨረሰውም ግን አውቃለሁ። ስለዚህ «አትሂድ» ለማለት አፌ አልደፈረም፣ «ሂድ» ለማለትም ሆዴ አልፈቀደም።

የአሜሪካ የነጻነት በዓል፣ ጁላይ ፎር ዕለት ሁለታችንም እረፍት ሆንን። እንዴት እንደተገጣጠመ እንጃ። «ባሕር እንሂድ» አለኝ፤ «እዚያ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።» ጋልቬስተን አጠገብ ስላለች፣ ሰው እምብዛም ስለማያውቃት የዓሣ አጥማጆች ከተማ የሥራ ባልደረቦቹ ነግረውት ኖሯል። ደርሶ መልሱ ቀኑን ሙሉ የሚነዳበት መንገድ ነው። ደክሞኝ ነበር፤ ግን ለመነጋገር ሌላ ቀን እንደማናገኝ ስለማውቅ እሺ አልኩ።

እሱ በጠዋት ከሥራ ስለገባ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ እጀምርለታለሁ ብዬ የምለውን ሁሉ በልቤ አሰናድቼ ነበር። ከዳላስ ሳንወጣ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ማንኮራፋት ጀመረ። ንግግሬን ለማን ላሰማው? ልጄ ከኋላ ወንበሯ ላይ ሆና «ማሚ፣ ቱዴይ የማን ተራ ነው?» አለችኝ።

«የምን ተራ?»

«እኔን ዋች የሚያደርገው።»

«ዛሬ የምንጠብቅሽ ሁለታችንም ነን» አልኳት።

«ኖ ዌይ!» ብላ እግሯን እያወራጨች ሳቀች። ከዚያ በኋላ እስከ ሂዩስተን ድረስ ሬዲዮም አልከፈትኩም።

ከተማዋ ጠባብ ናት፤ አንድ ዋና መንገድ፣ ከመንገዱ ማዶ ውሃ። ጀልባዎቹ ለበዓሉ ታስረው ቆመዋል፤ መረቦቻቸው በየምሰሶው ተንጠልጥለው ይሸታሉ። ሙቀቱ ከዳላሱ ይብሳል፤ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል። ባለቤቴ ከእንቅልፉ ነቅቶ ዓይኑን እያሸ «ምግብ እንብላና ቁጭ ብለን እንነጋገር» አለ። ውሃው ላይ ከእንጨት የተሠራ ምግብ ቤት ገባን።

ሜኑውን ስንገልጥ ሽሪምፕ፣ ክራብ፣ ኦይስተር፣ እንደገና ሽሪምፕ። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማንበላ ሰዎች ይህን ሁሉ መንገድ ነድተን ሽሪምፕ አጥማጆች ከተማ መጣን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው። ፈልገን ፈልገን ከሥር አንድ ዓሣ አገኘን። ታዲያ እኔ ደግሞ የሰኔን ጾም ይዤ ነበር።

«ዓሣ በጾም አይበላም» አልኩት።

«የሰኔ ጾም የቄስ ጾም ነው።»

«ማን አለህ?»

«ደግሞስ የሐዋርያት ጾም አይደል? ማለቴ፣ ሐዋርያት ራሳቸው ዓሣ አጥማጆች አልነበሩ? በእነሱ ጾም ዓሣ ካልተበላ በማን ጾም ሊበላ ነው?»

ሳቄ መጣ፤ እሱም ሳቀ። ክርክሩ ግን አላለቀም። ነገር ነገርን ያነሣዋልና እናቱ እንዴት ይጾሙ እንደነበር፣ የእኔ ንስሐ አባት ምን እንዳሉ፣ ካትፊሽ ቅርፊት ይኑረው አይኑረው፣ ሁሉም ተነሣ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አወራን፤ እንደዚያ ካወራን ስንት ጊዜያችን ነው! ስለ ትራኩ ግን አንዳችንም ቃል አልተነፈስንም። ዓሣውን በላሁት፤ ጥፋቱ በእሱ ይሁን።

ከምግብ በኋላ ልጃችን በሁለት እጇ ሁለታችንን ይዛ ውሃው ዳር አመላለሰችን። አንዱን እጇን ስንለቃት ትቆጣለች። ሲደክማት አሸዋ መቆፈር ጀመረችና እኔና እሱ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ አልን። ይኸው፣ ቁጭ አልን።

«ስማ፣ ስለ ትራኩ…» አልኩት።

«እሺ፣ እንነጋገር።»

ሁለታችንም ውሃውን አየን። ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። እሱም ጉልበቱን ማሻሸት ያዘ። ለካ መነጋገርም ሲተዉት ይረሳል። በመጨረሻ እሱ «ሶ…» ብሎ ሊጀምር ሲል ልጅቷ «ማሚ፣ ባዝሩም!» ብላ እየሮጠች መጣች። መጸዳጃ ቤት ይዣት ሄድኩ። ስንመለስ ቁልፉን ይዞ ቆሟል። «ትራፊክ ሳይይዘን እንውጣ» አለኝ።

መመለሻውን እሱ ነዳ። አሁንስ አላመልጠውም፣ ልጅቷ ስትተኛ እጀምራለሁ ብዬ ወንበሬን ትንሽ ወደ ኋላ ለቀቅ አደረግሁት። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ነገር የለም።

ስነቃ መኪናው የአፓርታማችን ፓርኪንግ ውስጥ ቆሟል። ሞተሩን አጥፍቶ ያየኛል። ፊቱ ላይ ለወራት ያላየሁት እፎይታ ነበር።

«አመሰግናለሁ» አለኝ።

«ለምኑ?»

«ስለተረዳሽኝ ነዋ። እንዲህ በቀላሉ ኦኬ ትያለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ማለቴ፣ ወገቤን ብቻ ሳይሆን፣ ብሬክ ሩም ውስጥ ብቻዬን ያለቀስኩትን እንኳ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አንቺ ግን ‹እ… እሺ› እያልሽ አስጨረስሽኝ። ነዳጅ ስንቀዳ ለጓደኛዬ ኮል አደረግሁለት። ሰኞ እንጀምራለን።»

ባሌ አልቅሷል። ብቻውን፣ መጋዘኑ ማረፊያ ክፍል ውስጥ። ይህን የነገረኝ እኔ አፌን ከፍቼ ተኝቼ ሳለ ነው። «ተኝቼ ነበር» ብዬ ብነግረው ያ ሁሉ የተናገረው ለመስኮቱ ሊሆን ነው፤ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ጊዜ የሚናገር ሰው አይደለም። አሁንም እንቅልፉ ከዓይኔ አልለቀቀም። ልጅቷን ከወንበሯ ፈትቼ አቀፍኳት፤ ጸጉሯ አሸዋ አሸዋ ይላል።

በር ላይ ስንደርስ እንደ ዋዛ አድርጌ «መቼ ነው ታዲያ የምትመለሰው?» አልኩት።

ቁልፉን እየከተተ ፈገግ አለ። «ነግሬሽ አልነበር?» አለኝ።