የሳይሚ ውታፍ

ጎረቤቴ ሳይሚ ጀልባዋን ለበረዶው ወራት ስታዘጋጅ ሰው አጠገቧ እንዲቆም አትወድም ነበር። መጎተቱ የመንደሩ ሥራ ነው። በመከር ማብቂያ፣ የቅዱሳን ሁሉ ቀን ከመድረሱ በፊት አንድ ቅዳሜ እንሰበሰብና ግንድ ከሥር እያንከባለልን የሁሉንም ጀልባ ከሐይቁ ወደ ደረቁ እናወጣለን። የእሷ ተራ ደርሶ ስናበቃ ግን፣ «በሉ፣ ሾርባው ገበታ ላይ ነው፤ ጀልባዬን ለእኔ ተዉልኝ» ብላ ታባርረናለች። እኛም ሾርባው ስለሚጥም አንከራከርም።

ስልሳ አራት ዓመቷ ነበር። አላገባችም፤ ሁለት ላሞች፣ አንድ ጀልባና ኡርፖ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። ኡርፖ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ካልሲውን እንኳ ጥንድ አድርጎ የማያገኝ ሰው ነው። ሳይሚ ስትቆጣው የመንደሩ ውሻ ሁሉ ጭራውን ይቆልፋል፤ እሱ ግን ይስቃል። የእህቲቱንም የወንድሙንም ጀልባ አባታቸው ነው የሠራው፣ በአንድ ክረምት፣ በአንድ መሰርሰሪያ።

መሰርሰሪያውን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በጀልባ ወለል ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለ፤ የሁለቱ ጀልባ ቀዳዳ አንድ ልክ ነው፤ አውራ ጣት የምታክል የጥድ ውታፍ ይደፍነዋል። ጀልባ ሲወጣ ውታፉ ይነቀላል፣ ምክንያቱም አንድ ስኒ ውሃ ከቀረ በረዶ ሆኖ ሳንቃውን ይሰነጥቀዋል። ውታፉን በረንዳ ላይ፣ ብርድ ባለበት፣ ምስማር ላይ እንሰቅለዋለን። ምስማሩ ላይ ውታፍ ካለ የቤቱ ሰው ሁሉ ደረቅ መሬት ላይ ነው ማለት ነው። የእኛ አገር ሴቶች ከውጭ ሲገቡ አስቀድመው የሚያዩት ምስማሩን ነው።

በዚያ ዓመት ጀልባዎቹን ካወጣን በዘጠነኛው ቀን ዓሣው ዕንቁላሉን ይዞ ወደ ሐይቃችን ዳር ገባ። ሌሎቻችን በመስኮት አይተን ምራቃችንን ዋጥን፤ ጊዜው አልፏል። ውሃው ዳር ዳሩን መስተዋት የመሰለ ስስ በረዶ ይዞ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሳይሚ ላሞቿን ስታልብ ኡርፖ ከበረንዳዋ ሹልክ ብሎ ሲወጣ ያዝኩት።

«ምን ሰርቀህ ነው?» አልኩት።

«ውታፏን። የእኔው ምድጃ አጠገብ ደርቆ ለሁለት ተሰነጠቀ።»

«ምድጃ አጠገብ ውታፍ የሚሰቅል ከአንተ በቀር የት ይገኛል! ሚስትህ ብትኖር ጉድህ ነበር።»

«ሚስቴ ብትኖርማ ዓሣውንም እሷ ታጠምደው ነበር» አለና ሳቀ። «ካውኮ፣ እንዳትነግራት። አንድ መረብ ጥዬ አንስቼ ለምሳ ተመልሻለሁ፤ ውታፉም ቦታው ይገኛል። ና ይልቅ ግፋኝ።»

ሐይቁን አየሁት። ጥቁር ነበር፤ ወፍ አልነበረበትም። ደስ አላለኝም፤ ግን ወንድ ልጅ ደስ አላለኝም ብሎ አይናገርም፣ ስለዚህ ገፋሁት። ውታፉን በጫማው ተረከዝ መታው፤ ልክክ አለ። ስሱ በረዶ እየተሰበረ ሲሄድ ድምፁ ሰፈር ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ ዝም አለ።

እኩለ ቀን ላይ ሳይሚ ራሷን ሳትሸፍን ወደ ግቢዬ ሮጣ መጣች። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። በእጇ ሞራ የተቀባ የሱፍ ክር ይዛለች።

«ውታፌን ማን ወሰደው?»

«ኡርፖ» አልኩ። «ምን ችግር አለው? ቀዳዳው አንድ ዓይነት…»

«ቀጭን ነው!» ጮኸች። «ከዓመት ዓመት የሻከረውን እየላግኩ አቅጥኜዋለሁ! ይህን ክር ካልጠመጠምኩበት ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት አይቆይም። በየመከሩ ክሩ እንዳይበሰብስብኝ እፈታዋለሁ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሾርባ ያባረረችን ለዚህ ነው። አባቷ የሠራውን ውታፍ አበላሸች እንዳይሏት ትፈራ ነበር፤ አዲስ መቅረጽ ደግሞ ለእሷ ሽንፈት ነው። ኩራት።

የእኔ ውታፍ ለእሷ ቀዳዳ አይሆንም፤ ለውሃው ቅርቡ ግን የእሷ ጀልባ ስለነበር እሱን ጎተትነው። ቀዳዳው ባዶ ነው። ጓንቷን አውልቃ ጠቀጠቀችበት፣ ተረከዟን ጫነችበት፣ «ቅዘፍ!» አለችኝ። ቀዘፍኩ። በአሥር ቀን ውስጥ የደረቀው ሳንቃ በየስፌቱ ያነባ ጀመር። እሷ በአንድ እግሯ ጓንቱን ተጭና በጣሳ ውሃ ታወጣለች። የበረዶው ስባሪ የጀልባውን አፍንጫ ሲፍቀው ይሰማኛል፤ በጀርባዬ ስለምሄድ ፊት ለፊት ያለውን አላይም፤ የማየው ፊቷን ብቻ ነው። ፊቷ ላይ ነው መድረሳችንን ያወቅኩት።

የእንጨት ጀልባ አይሰጥምም። የኡርፖ ጀልባ ከንፈሯ ድረስ ውሃ ሞልታ ተንሳፍፋለች። እሱ መቀመጫው ላይ ተቀምጧል፣ ውሃው ደረቱ ላይ፣ መረቡ በክንዱ ላይ ተጠምጥሟል፣ ራሱ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ሳይሚ ስሙን ጠራችው። እንደ ሁልጊዜው ተቆጥታ ጠራችው። ከዚያ እጇን ልካ ጉንጩን ነካች። እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ከጉልበቱ ሥር፣ ከዓሦቹ መካከል፣ ውታፉ ይንሳፈፍ ነበር።

ወደ ዳር ስንጎትተው፣ «ሲሄድ አይተኸዋል?» አለችኝ።

«የገፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። መዋሸት አልቻልኩም። ፊቷን አዞረችብኝ። ተረከዟን ግን ከቀዳዳው አላነሳችም።

በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ቃል አልተለዋወጥንም። ጀልባ የሚወርድበት ቀን መንደሩ ሁሉ ዳር ላይ ቆሞ ሳለ፣ «ካውኮ፣ ና» አለችኝ። በአንድ እጇ ያንኑ ውታፍ፣ በሌላው ክሩን ይዛለች። ሰው ሁሉ እያየ ሰጠችኝ። ጠመጠምኩ፤ ላላ ስላለ ፈትታ መለሰችልኝ፤ እንደገና ጠመጠምኩ።

ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ይቅር ብላኝ ይሁን እየቀጣችኝ አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅ። በመከር ክሩን መፍታት ትታ ውታፏን ከነክሩ ምስማሩ ላይ ትሰቅለዋለች፤ ክሩ ይበሰብሳል። በፀደይ ትጠራኛለች፣ አዲስ ክር ትሰጠኛለች፣ እስክጨርስም ከእጄ ላይ ዓይኗን አታነሳም።