ኮሌጅ በዱቡሻ

ሰው ስለ ልጁ ሲያወራ ይዋሻል። እኔ አልዋሽም፤ ልጄ ማትሪክ ያለፈች ዕለት ደስ አላለኝም። የሰፈራችን የሲቀላ ጎረቤት ሁሉ እልል ሲል እኔ የማስበው አንድ ነገር ነበር፦ ትሄዳለች።

ምርጫው ሦስት ኮሌጅ ነው። አዲስ አበባ ያለው ትልቁ፣ ተማሪው እንደ አንበጣ የሚርመሰመስበት። ሐዋሳ ያለው መካከለኛው፣ እርሻ የሚያስተምረው። እዚሁ አርባ ምንጭ ደግሞ ግድግዳው ሳይደርቅ የተከፈተው ትንሹ። የትኛውን እንደምታስቀድም ሰኞ ለትምህርት ቤቷ ማሳወቅ አለባት። እኔ ትንሹን ብዬ ጨርሻለሁ፤ ኩልፎ ወንዝ ዳር ከምሠራበት የሙዝ እርሻ በእግር ይደረሳል። ልጄ ግን ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ። ጢም ካበቀልኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ስቆጥር፣ በተሳሳትኩ ቁጥር እንዲሁ ዝም ብላ ነበር የምታየኝ፤ ያኔ ገና ሁለተኛ ክፍል ነበረች።

በእኛ ደንብ የቤት ሰው ካልተስማማ ጉዳዩ ዱቡሻ ይወጣል። ዱቡሻ የተወለድኩበት ደጋ ላይ ያለ የሸንጎ ሜዳችን ነው። ሽማግሌዎች ሣሩ ላይ ተቀምጠው ይመክራሉ፤ ሁሉም ሳይስማማ ማንም አይነሳም። እጅ አውጡ፣ ድምፅ ቁጠሩ የለም። አንድ እምቢተኛ ካለ እሱ እሺ እስኪል ይጠበቃል። እኔ ደግሞ በእምቢታ አልታማም። እሁድ ልጄን ይዤ ሽቅብ ወጣሁ፤ ሽማግሌው ቢደግፈኝ ደግ፣ ባይደግፈኝ በረሃብ አሸንፈዋለሁ ብዬ።

ትልቁ ሽማግሌ «ምድር ይርጋ፣ ልጆች ይደጉ» ብለው መረቁና ጉዳዩን ነገርኳቸው። ከመሃላቸው ኮሌጅ ያየ የለም። ገበያ ግን ያውቃሉ።

«ሦስት ገበያ አለ በለን እንጂ!» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ትንሽ ገበያ ላይ ከቅቤ ሻጯ ጋር ከተጣላህ ያን ሳምንት ጎመንህን ደረቁን ትበላለህ። ትልቁ ይሻላል። አንዷ ፊት ብትነሳህ ሌላዋ ትስቅልሃለች።»

ከጎናቸው የተቀመጡት ሽማግሌ በጎልማሳነታቸው አዲስ አበባ ሸማኔ ነበሩ። «ትልቁን ለእኔ ተዉት» አሉ። «ጋቢ ልሸጥ ገብቼ ጋቢውንም ኪሴንም አራግፈውኝ ወጣሁ። ብጮህ ማን ያውቀኛል? ትንሹ ይሻላል።»

«ይኸው!» አልኩ።

«አንተ ዝም በል» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። «ያንተን እምቢታ እናውቀዋለን። እናትህ ጡት ያስጣለችህ በሦስት መንደር ሽማግሌ ነው።»

ክርክሩ ቀጠለ። ግማሹ ትልቁን፣ ግማሹ ትንሹን። እኔ ትንሹ ላይ ችክ። ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። የሁሉም ሆድ ይጮሃል። ልጄ ፈንጠር ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ዱቡሻ ላይ ሴት እንድትናገር ደንቡ አይፈቅድም።

«ይቺን ልጅ ለምን አንጠይቃትም?» አሉ ሸማኔው።

«ደንቡስ?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«አብዮቱ ሴትና ወንድ እኩል ነው ብሎ የለ? አፏን ዘጋችሁ ተብለን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዘንድ ከምንጠራ ትናገር። እኔ ደግሞ ርቦኛል።»

ሳቁና «ተናገሪ» አሏት። ተነሳች።

«አባቶቼ፣ እኔ የምፈልገው መካከለኛውን ነው።»

ሁሉም ዞር ብሎ አያት። ቀኑን ሙሉ መካከለኛውን ያነሳ ሰው አልነበረም።

«ምነው ልጄ?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ትልቁ ሩቅ ነው። አባዬ መንገድ ማደር አይወድም፣ ሳላየው ዓመት ያልፋል። ትንሹ ደግሞ በጣም ቅርብ ነው። እዚህ ስማር እንኳ ሙዝ ተሸክሞ እየመጣ በክፍሉ መስኮት ይጠራኝ ነበር። መምህራችን 'በሉ፣ አባቷ መጥተዋል፣ እንረፍ' ይል ነበር። ኮሌጁ እዚህ ከሆነማ አብሮኝ ይመዘገባል!»

የሳቁን ነገር አልነግራችሁም።

«ሐዋሳ ግን» አለች፣ «አውቶቡሱ ጠዋት ተነስቶ ማታ ይገባል። በየቀኑ መምጣት አይችልም፤ ስናፍቀው ግን ይመጣል። ሲናፍቀኝ እኔም እመጣለሁ። ደግሞ እርሻ ነው የሚያስተምሩት። የአባዬን ሙዝ የሚያደርቀው ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ሸማኔው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «አንተ ሰው፣ ገበያውን የለካችው በአንተ እግር ነው!»

ተናደድኩ። ለልጅ ሙዝ መውሰድ ምን ነውር አለው? ዛሬም ብትጠይቁኝ ነውር የለውም እላለሁ። ግን «ሲናፍቀኝ» ያለችው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ትናፍቃለህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ያውም በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት።

ሁሉም በየተራ ተጠየቀ። ትልቁን ያለውም ትንሹን ያለውም «መካከለኛው ይሁን» አለ። የቀረሁት እኔ ነኝ።

«እህስ?» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። «እሺ ትላለህ ወይስ እዚሁ እንደር?»

ወደ ልጄ ዞርኩ።

«የሐዋሳው አውቶቡስ» አልኩ፣ «ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

እንደ እሺ ቆጠሩትና ሳቃቸው ሳያልቅ መረቁን።