የአክስቴ ዶላት ጣውንት

አክስቴ ዶላት ጣውንት ነበረባት። ጣውንቷ ያዝድ ከተማ አጠገብ ባለችው መንደራችን፣ እሳት ቤት በምንለው መቅደሳችን ውስጥ ቀን ከሌት ሳትጠፋ የምትነደው እሳት ናት። የአክስቴ ባል መህራባን የእሳቷ ጠባቂ ነበር፤ ሥራው ካባቱ የወረሰው ነው። እሷ ዘንድ የሚገባው ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ትንፋሹ እንዳያረክሳት አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ነው።

«ለኔ እንዲህ የታጠበው ለሠርጋችን ብቻ ነው» ትል ነበር አክስቴ። እኔ እስቃለሁ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር የምትቀናው። ለእሳቷ ደረቅ የለውዝ እንጨት ሲመርጥ ስታየው ፊቷ ይጠቁራል።

ጎረቤቷ ሰኪና እስላም ናት፤ ነገር መቆስቆስ ትወዳለች። «የኔው ሰግዶ ቤቱ ይገባል። አርመኖቹም ሻማቸውን ለኩሰው ጥለዋት ይሄዳሉ። የናንተዋ ግን ወይ ፍንክች!»

«ደግሞ እሳት ታመልካላችሁ በይኛ!»

«እኔ ምን ወጣኝ? ባልሽን ጠይቂው!»

«አናመልካትም። እናንተ ወደ መካ ትዞራላችሁ፣ እኛ ወደ ብርሃን እንዞራለን፣ በቃ» አለች አክስቴ ተቆጥታ። ጣውንቷን እሷ ትስደባት እንጂ ሌላ ሰው ሲነካባት አትወድም።

ልጃቸው ፓሪዛድ ቴህራን ስትወልድ አክስቴ ሻንጣዋን አዘጋጀች። «አብረን ሄደን አራሷን እንንከባከባት» አለችው።

«እሷንስ ማን ይጠብቃታል?» አለ መህራባን።

አክስቴ ሻንጣውን መልሳ ፈታችው። ከዚያ ወዲያ ከእሳቷ ጋር ለይቶላት ተጣላች።

በዚያው ክረምት መህራባን በረዶ አዳልጦት እግሩ ተሰበረ። የመንደሩ ወንዶች ከተማ ገብተው አልቀዋል። «ዶላትዬ፣ በሞቴ፣ እሳቷን ጠብቂልኝ» ብሎ ለመናት። ትጥፋ ብላ ልትተዋት ቆርጣ ነበር እሳት ቤት የገባችው። በኋላ እንደነገረችኝ ግን፣ እሳቷ አመድ ውስጥ ተቀብራ ስታያት የታመመች ሴት መሰለቻት። አንጀቷን በላቻት። አፏን በሻሿ ሸፍና እንጨት ጨመረችላት።

የመህራባን እግር እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ጠባቂዋ አክስቴ ሆና ቀረች። አንድ ቀን ከእሳት ቤት ስትመለስ ደጃፉ ላይ አኩርፎ ጠበቃት።

«ቆየሽ።»

«እንጨቱ እርጥብ ሆኖብኝ ነው።»

«ትናንትም እርጥብ ነበር? ለኔ እኮ ሻይ እንኳ ቀዝቅዞ ነው የሚደርሰኝ!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዶላትዬ፣ ቴህራን እንሂድ። የልጅ ልጃችንን እንይ፤ አንቺና እኔ ብቻ።»

ስንት ጊዜ የለመነችው ነገር ነው! አክስቴ አጠገቡ ተቀመጠችና ጥላሸት የነካውን እጇን አየችው።

«እሷንስ ማን ይጠብቃታል?» አለችው።