ወረብን ዘፈን ያለው ፕሮግራሜ

ሁለተኛ ዲግሪዬን የያዝሁት ኔትወርክ በሌለበት አገር ስልኮች እርስ በርስ እየተቀባበሉ ፋይል እንዲያፈላልጉ በማድረግ ነው። ማን እንደያዘው ማወቅ አያሻም፤ ይዘቱን ብቻ ትጠይቃለህ። አጠገብህ ያለው ስልክ ካጣው ጥያቄህን ለሚቀጥለው ያሳልፋል። ተመርቄ የአገሬ አርብ ገበያ ስገባ ጉራዬ አይጣል ነበር! አገሬው የጠፋ በሬ የሚያፈላልገው ድሮም እንዲሁ በመጠያየቅ መሆኑ አልታየኝም።

እናቴ የለመነችኝ አንድ ነገር ነው። የቤተ ልሔም ደብር መሪጌታ የነበሩት አባቴ አምና አርፈዋል። ለጥምቀት ሲያወርቡ ሰው በስልኩ ቀድቷቸዋል፤ እኔ ልጃቸው ግን ከተማ ተጎልቼ አንድም ቀን አልቀዳኋቸውም።

«ለሙት ዓመታቸው ድምፃቸውን አምጣልኝ» አለችኝ።

ሁለት አርብ፣ ገበያው መሀል ቆሜ ፕሮግራሜን በየሰዉ ስልክ ጫንሁ። ለፍለጋው እንዲያመች እያንዳንዱ ስልክ የያዘውን ድምፅ «ስብከት»፣ «ዜማ»፣ «ዘፈን» እያለ ይለያል። ከበሮና ጭብጨባ የሰማህበትን ሁሉ ዘፈን በለው ያልሁት እኔ ነኝ። የመሪጌታ ልጅ! ወረብ ያለ ከበሮና ያለ ጭብጨባ የት አይቼ ነው?

በእኛ አገር ሁዳዴ ሲገባ ዘፈን ከስልክ ይጠፋል። ድሮ አንድ በአንድ እየተከፈተ ነበር የሚጠፋው፤ ዘንድሮ በእኔ ቸርነት «ዘፈን» የሚለውን አንዴ መጫን በቃ። እኔም በቅበላው ሥጋዬን እየበላሁ ሰዉ ሲያመሰግነኝ ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

በጾሙ የመጀመሪያ አርብ ጥያቄዬን ለቀቅሁት። ገበያውን ሁሉ አዳርሶ «አልተገኘም» ብሎ ተመለሰ። ያኔ ነው አጥራችንን የሚዋሰኑትን ቄስ፣ የአባቴን ደቀ መዝሙር፣ በአፌ መጠየቅ ትዝ ያለኝ።

«ነበረኝ እንጂ!» አሉኝ። «ባለፈው እሁድ ግን ዘፈን የሚለውን ሁሉ አንድ ላይ አጠፋሁት። አንተ ተምረህ የለየኸውን እኔ መልሼ ልለየው ኖሯል?»

«የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሰው የእኔን ዓይነቱን አላየም። ፕሮግራሜን መጫን በጀመርሁበት አርብ አጥር ተሻግሬ ብጠይቃቸው ኖሮ ድምፁ በእጄ ነበር። ዲግሪ ያለው ሰው ግን ጎረቤት አይጠይቅም።

ለእናቴ ስነግራት አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለእኔማ ድምፃቸው መች ይጠፋኛል?» አለች። «ሲያወርቡ አንድ ቀን እንኳ ቆመህ ስላልሰማሃቸው፣ ለአንተ ብዬ ነበር።»