በገና ያልተሰደበ ሰው

በደርግ ጊዜ፣ ሸሕዲ አጠገብ ባለችው መንደራችን፣ የልደት ዕለት ማሽላው በታጨደበት ማሳ ላይ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ገና ይጋጠም ነበር። አባቶቻችን ከደጋ ይዘውት የወረዱት ጨዋታ ነው፤ ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ በቆልማማ ዱላ እየመቱ ከባላጋራ ወሰን ማሳለፍ። ከዱላው ግን ስድቡ ይብሳል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነውና፣ ዓመቱን ሙሉ የምንፈራው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር እንኳ በዚያች ቀን በግጥም ይሞለጫል፤ ስቆ ከማለፍ በቀር ምን ያመጣል?

እኔ የታች ሰፈር ቀንደኛ መቺ ነበርኩ። ኋላ አንገቴ ላይ እብጠት ወጣ። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ፣ ነቀርሳ ነው ብለው ቆርጠው አወጡልኝ። ጅማት ተነክቶ ግራ ትከሻዬ ወድቆ ቀረ እንጂ፣ ሐኪሞቹ ድነሃል ብለው ሸኙኝ። አገሬው ግን አላመነም። ባገኘኝ ቁጥር ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞህ» ይለኛል። ኧረ አይዞህ በቃኝ!

የገና ዕለት ዱላዬን ሳነሣ እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ልጄ፣ እግዜር አንዴ መልሶልኛል፤ አትፈታተነው።»

«የመለሰኝ ቤት እንድጠብቅ ነው እንዴ፣ እምዬ?» ብያት ወጣሁ። እያጉረመረመች ተከተለችኝ።

ሩሯ ገና እግሬ ሥር ስትደርስ የላይ ሰፈር ሰዎች ገለል ብለው መንገድ ለቀቁልኝ። እየነዳሁ ወሰናቸውን አሳለፍኳት፤ የነካኝ የለም። ወዲያው ስድቡ ተጀመረ። የላይ ሰፈሮቹ ሊቀመንበሩን በቦርጩ፣ ሌላውን በቀጭን እግሩ አብጠለጠሉት። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ዘለሉኝ። ደሜ ፈላ። የማይሰደብ እኮ ሙት ነው!

«ይሄ አይቆጠርም!» ብዬ ሩሯን መሐል ሜዳ መልሼ ወረወርኳት። ከላይ ሰፈር የእህቴ ባል አለ፤ በደጉ ጊዜ ቅልጥም ለቅልጥም የምንቀጣቀጥ የገና ባላንጣዬ ነው። ፊቱ ሄጄ ቆምኩ፦

«የላይ ሰፈር ጀግና፣ ስሙ የገነነው፣
ሩሯን አይቶ ሚሸሽ፣ ምን ዓይነት ወንድ ነው?»

ጠባሳዬን አየ። እናቴን አየ። ከዚያ ዱላውን ወደ ላይ አንሥቶ ስድቡን ለቀቀው፦

«አንገቱን ቆርጠውት፣ ምላሱን ግን ትተው፣
ባለ አንድ ክንፍ ዶሮ፣ ወዲህ ላኩት ሰፍተው!»

 እኔ በሳቅ ፈረስኩ፤ ሳቄን ሰምቶ ሰዉም ፈነዳ። ሩሯ ተለቀቀች። ተሯሩጠን ደረስንባትና የእህቴ ባል በትከሻው ገፍቶ አፈር አስበላኝ፤ በዱላውም ቅልጥሜን አለኝ። ሰዉ ሊያነሣኝ ግር ሲል፦

«ተዉት! ራሱ ይነሣል!» ብሎ ጮኸባቸው።

እናቴ ግን ማን ይይዛታል? ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ «ልጄን ገደልክብኝ!» እያለች ደረሰች። እኔ ደሜን እየጠረግኩ ተነሥቻለሁ።

«እምዬ፣ አልሰማሽም?» አልኳት። «ሰደበኝ እኮ!»