ጥቁር ክር በጥቁር ድድ ላይ

ይህን የድድ መስፊያ መርፌ መያዣ ከመሳቢያዬ ባነሳሁት ቁጥር የቅርንፉድ ሽታ ይመጣብኛል። ብረት ሽታ እንደማይዝ አውቃለሁ፤ ግን ምን ላድርግ? ያኔ የምማርበት የጥርስ ክሊኒክ በሙሉ ከመድኃኒቱ የተነሳ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይል ነበር። አሁን የመያዣው አፍ ላልቶ መርፌ አይጨብጥም፤ መጣሉንም አልቻልኩበትም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። አምስተርዳም ውስጥ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር ስሎተርቫርት በሚባል ሰፈር፣ ትራም ሲያልፍ መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ያን ሰሞን የድድ ስፌት የምንለማመደው በአሳማ መንጋጋ ላይ ነው። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ከትምህርት ስመለስ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች። “እጅሽን ሳትታጠቢ ድስቴን እንዳትነኪ!” ትልና በራሷ ንግግር ትስቃለች። ስትስቅ የላይኛው ድዷ ይታያል፤ ከዳር እስከ ዳር የተነቀሰ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር። ሊድሯት ሲሉ ነው የተነቀሰችው። አባቴ በሕይወት ሳለ፣ “መጀመሪያ የወደድኩት ንቅሳትሽን ነው” እያለ ያሽኮረምማት ነበር።

በዚያው ሰሞን ከፊት ጥርሷ በላይ ያለው ድዷ አበጠ። ራጁ ከጥርሱ ሥር መግል የቋጠረ ከረጢት አሳየ፤ ተከፍቶ መውጣት ነበረበት። አስተርጓሚዋ ሆኜ አብሬያት ገባሁ። ቀዶ ሐኪሙ አስተማሪዬም ስለነበር ረዳቱ አደረገኝ። ከንፈሯን ገልጦ ሲያይ ደነገጠ፤ ጥቁረቱ በሽታ መስሎት ነው። ለውበት የተደረገ መሆኑን ስነግረው ጎንበስ ብሎ እንደገና አየው። እናቴ እጄን ያዘችኝ።

“ንገሪልኝ። ጥርሱን ከፈለገ ይውሰደው፤ ንቅሳቴን ብቻ እንዳይነካብኝ።”

ነገርኩት። “እሞክራለሁ” አለ።

በአንድ እጄ ከንፈሯን ወደ ላይ ስቦ የሚይዘውን ብረት፣ በሌላው ደም መምጠጫውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ምላጩ የጥርሶቿን ሥር ተከትሎ ሄደ፤ ከዚያ ድዱን ከአጥንቱ ላይ ቀስ አድርጎ ገለጠው። ከከረጢቱ በላይ የነበረው ሥጋ ሳስቶ፣ በስብሶ ተገኘ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። “ይህን ማትረፍ አልችልም” አለኝ። እናቴ የደች ቋንቋ ብዙም አትሰማም፤ የእኔን ፊት ግን ማንበብ ታውቅበታለች። አፏ ደንዝዟል፤ የቀራት ዐይኗ ብቻ ነው። “እማዬ፣ ትንሽ ሊቆርጥ ነው፤ ግድ ሆኖበት” አልኳት። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ሲወርድ እጆቼ ተይዘው ነበርና መጥረግ እንኳ አልቻልኩም። ያን ያህል አቅም ያጣሁበት ቀን የለም።

ስፌቱ ያማረ ነበር፤ አልክድም። ጠማማውን መርፌ በዚህ በመያዣዬ አፍ ይነክሰዋል፣ የድዱን ጫፍ በወረንጦ ደገፍ ያደርጋል፣ ከተገለጠው ሥጋ ጀምሮ ወዳልተነካው ይወጋል። ክሩን መያዣው ላይ ጠምጥሞ ይቋጥርና ቋጠሮውን ከቁስሉ መስመር ገሸሽ ያደርገዋል። ትርፉን እኔ በመቀስ እቆርጣለሁ። ክሩ ጥቁር ሐር ነበር። በሳምንቱ ልናወጣው ስንል ሐኪሙም ፈለገ፣ እኔም ፈለግኩ፤ ጥቁር ክር በጥቁር ድድ ላይ ከየት ይገኛል? በጣታችን እየዳሰስን አወጣነው። መሃል ላይ ያለው ብቻ ሳንቸገር ታየን፤ እዚያ ንቅሳቱ የለማ።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እናቴ መስተዋት ፊት ቆመች። በጥቁሩ መሃል ጥፍር የምታክል ሮዝ ክፍተት ቀርታለች።

“አንቺ መርፌ ተምረሽ የለ?” አለችኝ። “ይቺን ብቻ ሙዪልኝ።”

“እማዬ፣ እኔ መስፋት እንጂ መንቀስ አልችልም።”

“ከመስፋት ይከብዳል?”

ስለ ኢንፌክሽን ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በደች አስረዳኋት። “እሺ” አለችና መስተዋቱን ትታ ወደ ማድቤቷ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትከድን ጀመር። ሠርግ ላይም፣ የልጆቼ ልደት ላይም፣ በየፎቶው እጇ አለ። ሳቋ ናፈቀኝ፤ እዚያው አጠገቤ እየሳቀች ናፈቀኝ።

አምና ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ነርሷ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራላት ወጣች። ከንፈሯ ትንሽ ተገልጦ ነበርና ያቺን ክፍተት ከስንት ዓመት በኋላ አየኋት። የሚሰናበቷት ሰዎች ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ይሰማል። እጇ ከእንግዲህ አይነሳም። በሩ ሲከፈት መዳፌን አፏ ላይ አድርጌላት ቆሜ ነበር።