ሆላንድ የሄድኩበት ዓመትና አማቴ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቴ ገነት ቤቴ መጣች። ገነት ሥራ አምጥቷት ደብረ ብርሃን የቀረች መምህርት ናት፤ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ውጭ አገር የአንድ ዓመት የትምህርት ዕድል አግኝታለች። ወንበር ስስብላት እንኳ አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ ልጄን ትቼ ብሄድ እግዚአብሔር ይቀየመኝ ይሆን?» አለችኝ።

ይህን ስትለኝ ልቤ ወደ አንኮበር ሄደ።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን በአንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ታደለ አስተማሪ ነው፤ ልጃችን ዮናስ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ለአሥራ አንድ ወር ሥልጠና ሆላንድ እንድሄድ ተመረጥኩ። ታደለ «ሂጂ» አለኝ፤ አፉ ሂጂ ይበል እንጂ ዓይኑ ልጁ ላይ ነበር። የገዛ እናቴማ «ገና ጡት የተወ ልጅ ጥሎ መሄድ ምን የሚሉት ሥልጣኔ ነው?» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ነገሩን የቆረጡት አማቴ እማማ ደብሪቱ ናቸው። አንኮበር የሚኖሩ የቄስ ሚስት ነበሩ። ቀለም አልቆጠሩም፤ ባላቸው ቄስ ወልዴ ግን እሳቸውን ሳያማክሩ ትልቅ ነገር አይወስኑም። ወሬውን ሰምተው ደብረ ብርሃን ድረስ መጡና፣ ከመንገድ ገና አረፍ ሳይሉ «ልጁን ስጪኝ» አሉኝ። «አባቱን ያሳደግሁ ልጁ አያቅተኝም። አንቺ ሂጂ፤ ብቻ ተመለሺ።»

በመስከረም ሄድኩ።

ሆላንድ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ አገር ነው፤ የአንኮበርን ገደል ለለመደ ሰው ዓይን ማሳረፊያ የለውም። ቁርሱ ወተት፣ ምሳው አይብ፣ እራቱም ቅቤ ያልነካው የለም። የነቢያትን ጾም በዳቦና በድንች ተወጣሁት። በዐቢይ ጾም ግን አንድ ቀን ሥራ ላይ ዞሮብኝ ወደቅሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያቀረቡልኝን መብላት ጀመርኩ። ዛሬ ሳስበው የጎዳኝ መብላቴ አይመስለኝም። ከበላሁ በኋላ ለመጸለይ ማፈሬ ነው። «በምን ፊቴ?» እያልኩ አንድ ቀን ተውኩ፣ ሁለት ቀን ተውኩ፤ ኋላማ መተዌም ተረሳኝ። እሑድ ጠዋት የከተማው ደወል ሲሰማ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ እተኛለሁ። ወደ ቤት መጻፉን ግን አላቋረጥኩም። ስለ ብስክሌቱ፣ ስለ ቦዩ፣ ዝናብን ከጎን ስለሚያመጣው ነፋስ እጽፍ ነበር።

የተመለስኩት በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም መካከል ነው። ታደለ አዲስ አበባ ተቀበለኝ። ደብረ ብርሃን ልንገባ ጫጫ ስንደርስ ያ የማውቀው ብርድ በመስኮቱ ገባ፤ ደስታዬን መቻል አቃተኝ። በማግስቱ ወደ አንኮበር ተሳፈርን። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አውቶቡሱን ጭቃ ያዘውና የቀረውን በእግራችን ወረድን፤ እርጥብ የጥድ ሽታ እስከ ደጃፉ ሸኘን።

ስንገባ ቤተሰቡ ከቅዳሴ ተመልሶ የባቄላ ንፍሮ ከቦ ነበር። ዮናስ ቁመት ጥሏል። እጄን ብዘረጋለት እማማ ደብሪቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠ። ወልጄው አላወቀኝም።

እማማ አልገፉትም። ንፍሯቸውን እያኘኩ፣ እንደ ተራ ወሬ ጠየቁት።

«ዮኒ፣ ማታ ማታ ለማን ነው የምንጸልየው?»

«ለእማዬ።»

«ምን ብለን?»

«እማዬን በሰላም አምጣልን።»

«እንግዲህ አመጣት።»

ልጁ አንገቱን ብቅ አድርጎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«እግዚአብሔር ነው ያመጣሽ ወይስ አውቶቡስ?»

ቄስ ወልዴ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ተጋግዘው ነው። ከጭቃው ወዲህ ግን በእግሯ ነው የመጣችው» አሉት። ዮናስ የጨቀየ እግሬን አይቶ አመነ መሰለኝ። ከንፍሮው አንድ ፍሬ ባቄላ አነሳና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከእማማ ጋር ብቻችንን ምድጃ ዳር ተቀምጠን ነበር። ሆዴ አልችል አለ።

«እማማ፣ እዚያ ሳለሁ ጾሙን ፈታሁት። ጸሎቱንም ተውኩት።»

«አውቄያለሁ።»

«እንዴት?»

«መጀመሪያ መጀመሪያ ደብዳቤሽ ሲያልቅ ‹በጸሎታችሁ አስቡኝ› ትዪ ነበር። ቄሱ ሲያነቡልኝ እሰማለሁ። ከዐቢይ ጾም አጋማሽ ወዲህ ቀረ።» እሳቱን ቆስቆስ አደረጉት። «ከልጁ ጋር ያን ጸሎት የጀመርነው ያኔ ነው። አንቺ ስትተዪ እኛ ያዝን። ለሌላው የንስሐ አባትሽ አሉልሽ።»

ያን ቀን በዝናቡ መሃል ስንት ጊዜ እንዳለቀስኩ አላውቅም፤ የሐዘን ለቅሶ ግን አልነበረም። ጾሙ ሲፈታ ዮናስን አቅፌ አስቆረብኩት። እኔ ለመቁረብ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ደግነቱ ደረስኩ።

ከዚያም በኋላ ለሥራ ብዙ አገር አይቻለሁ። ሰው «ውጩንም፣ ቤቷንም፣ ሃይማኖቷንም አቻችላ የኖረች» ሲለኝ እሰማለሁ፤ አፍራለሁ። እማማ ደብሪቱ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። በሕይወት ሳሉ እንደሚገባ አላመሰገንኳቸውም። ምስጋናው የገባኝ እኔም አያት ከሆንኩ በኋላ ነው፤ የሌላ ሰው ልጅ ይዞ ማደር፣ የእናቱን ስም በአፉ ማኖር ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ ያኔ አየሁ።

ገነትን «ሂጂም፣ ቅሪም አልልሽም» አልኳት። «ብትሄጂ ግን ልጅሽ እዚህ ቤት ትዋል።»

እኔ ያቻቻልኩት ነገር የለም። ሌሎች ችለውልኝ ነው።